ግድግዳው እንዴት አደረ?

«አክስቴ፣ ወንበሮቹን ከግድግዳው ሥር አታድርጊያቸው አላልኩሽም?»

አክስቷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ከጎረቤት የተሰበሰቡትን የፕላስቲክ ወንበሮች በጨርቅ እየጠረገች ከጓሮው ግድግዳ ሥር መደርደሯን ቀጠለች። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። ለለቅሶ ደራሹ የተወጠረው ሸራ አንዱ ጫፉ ከቤቱ ክዳን፣ ሌላው ጫፉ ከግድግዳው አናት ላይ ካለው የብረት አጥር ጋር ታስሯል፤ ውሃ ባዘለ ቁጥር መሃሉ ወደ ታች ይወርዳል።

«ታዲያ የት ላድርጋቸው? አናቴ ላይ?» አለች አክስቷ። «ቤቱ እንደሆነ ከአሥር ሰው በላይ አይችልም። ሰዉን ዝናብ ላይ ላቁመው? ትናንት ወንድሜን ቀበርኩ፣ ዛሬ ደግሞ በሰው አሳሚኝ!»

«አባዬ እዚያ ማንንም አያስቀምጥም ነበር። ልብስ እንኳ እንዲሰጣ አይፈቅድም ነበር እኮ።»

«አባትሽማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የማይፈቅደው ብዙ ነበር» ስትል ድምጿ ተሰበረና አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። የሚያለቅስን ሰው ማን ተከራክሮ ያሸንፋል?

ግድግዳው የላይኛውን መንገድ አፈር ደግፎ የያዘ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከሦስት ሰው ቁመት ይበልጣል። ከሥሩ እንደ እነሱ ያሉ ስድስት ቤቶች ተደርድረዋል። ከላይ የታክሲ መቆሚያ አለ፤ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ ከታች ጫማው ብቻ ይታያል። ከዓመታት ወዲህ ግድግዳው መሃሉ ላይ ትንሽ ሆድ አውጥቷል። ሆድ በሰው ላይ ሲሆን የድሎት ምልክት ነው ይባላል፤ በግድግዳ ላይ ሲሆን ግን ደስ አይልም።

የሟቹን ልጅ ሰው ሁሉ የሚጠራት በሥራዋ ነው፤ ተቀባይዋ ይላታል። በአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ ስልክ ተቀባይ ናት። ከጠዋቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት በሚተላለፈው «የአድማጭ ሰዓት» ላይ የደወለ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነው። ዝናው የአዘጋጁ ይሁን እንጂ ማን አየር ላይ ይውጣ፣ ማን ይቅር የምትለው እሷ ነበረች።

ከስልኩ አጠገብ በእሷ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ርዕሱ «አስቸጋሪዎች» ይላል። በየስሙ ትይዩ ምን እንደሚደረግ ተጽፏል። ሰዓት አራሚው፣ የጣቢያው ሰዓት አርባ ሰከንድ ዘገየ እያለ በየቀኑ የሚደውል ሽማግሌ፦ ይቆይ። የዜና አንባቢዋ ሳል ለምን አልዳነም ብሎ የሚያለቅሰው ሰውዬ፦ ይዘጋ። እትዬ ሰላምታ፣ ከዘመድ አዝማድ አልፋ ሐኪሟን፣ የሐኪሟን እናትና የጫማ ሰፊዋን ደንበኞች ሳይቀር ሰላም የምትል አሮጊት፦ ትግባ፣ አድማጭ ይወዳታል። ከሁሉም በታች ደግሞ አንድ ስም አለ። ባለግድግዳው፦ ይቆይ።

ማቆየት ማለት ሰውን በጨዋ ደንብ መቅበር ማለት ነው። «መስመር ላይ ይቆዩ» ይባላል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ የዋሽንት ሙዚቃ ይከፈትለታል። አራት ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ሲያልቅ የቆዩት መስመሮች ሁሉ በአንድ ማብሪያ ይዘጋሉ። የሚሰደብ የለም፣ የሚቀየም የለም። ዘዴውን ያመጣችው እሷው ራሷ ናት፤ አዘጋጁም ስንት ጊዜ አመስግኗታል።

ባለግድግዳው አባቷ ነበር። ይህን በጣቢያው የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የደወለ ዕለት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ «የአድማጭ ሰዓት፣ ማን ልበል?» ስትለው ስሙን ሊናገር ጀምሮ ተወው። ልጁ ስልክ እንደምትቀበል ያውቃል፤ ሆኖም እንዲህ ፊት ለፊት ይገጥመኛል ብሎ አላሰበም መሰል። ከዚያ ወፈር ባለ ድምፅ «አንድ አድማጭ ነኝ፣ እመቤቴ» አላት። እሷም ከጎኗ የሥራ ባልደረቦቿ ነበሩና «ስለ ምን ጉዳይ ነው የሚደውሉት?» አለችው። ስለ ግድግዳው ነው አለ። ያን ቀን አስገባችው። አዘጋጁም «ባለሙያ ነዎት? መሐንዲስ ነዎት? በምን አወቁ?» እያለ አፋጠጠው፤ አባቷ መልስ አጣ። በማግስቱ ሲደውል አዘጋጁ ገና ድምፁን ሲሰማ «ታዲያስ፣ ግድግዳው እንዴት አደረ?» አለና ከተማው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የሰላምታ ያህል ሆኖ ቀረ። ታክሲ ውስጥ፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ሰው ከሰው ሲገናኝ «ግድግዳው እንዴት አደረ?» ይባባላል። ጎረቤት ማን እንደሆነ ጠርጥሯል፤ ግን በጨዋ ደንብ ዝም ብሏል።

ማታ እራት ላይ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። «ሥራ እንዴት ዋለ?» ይላታል። «ደህና ነበር» ትለዋለች። ጠዋት «እመቤቴ» እና «እርስዎ» የተባባሉት ሰዎች ማታ ጨው ይቀባበላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዳቸውም ነገሩን አላነሱትም።

እሷ ለምን እንዳላነሳችው ታውቃለች። አፍራበት ነበር። ባልደረቦቿ የባለግድግዳውን ድምፅ እየቀዱ ሲሳሳቁ አብራ ስቃለች። አንዴ ከሳቁ በኋላ ደግሞ «አባቴ ነው» የሚባልበት ሰዓት አይገኝም።

ወንበሮቹ በተደረደሩበት ዕለት፣ ከቀብሩ ማግስት፣ አዘጋጁ ፕሮግራሙን ጨርሶ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሴቶቹ «ወይ ጉድ፣ ድምፁና ፊቱ አይገናኙም እኮ» እየተባባሉ ሲንሾካሾኩ፣ እሱ ከቤት ውስጥ ከሶፋው ጥግ ተቀምጦ የቀረበለትን ሻይ ያማስላል። ተቀባይዋ አጠገቡ ነበረች። አባትሽ ምን ይሠሩ ነበር ሲላት «ግንበኛ ነበር፣ ጡረታ ወጥቶ ነው» ብላ አሳጠረችው።

በዚህ መሃል አንድ ቀጭን ሽማግሌ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። በሁለቱም እጁ ላይ ሰዓት አስሯል። ነፍስ ይማር ብሎ ከመቀመጡ በፊት ቀና ብሎ ከሶፋው በላይ የተሰቀለውን ሰዓት አየ።

«ይህ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀድማል» አለ።

የአዘጋጁ ማንኪያ ብርጭቆው ውስጥ ቆመ።

ከሽማግሌው ኋላ አንዲት ወፍራም አሮጊት ተከተለች። «እንደምን ዋላችሁ! በቀኝ ያላችሁ፣ በግራ ያላችሁ፣ በር ላይ ጫማ የምታራግፉ፣ ማድ ቤት ሽንኩርት የምትከትፉ፣ ሳልጠቅሳችሁ የቀራችሁ ካላችሁም አትቀየሙኝ። እግዜር ያጽናችሁ!»

«እትዬ ሰላምታ?» አለ አዘጋጁ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ውይ፣ እርስዎ ነዎት? በሬዲዮ እኮ ትልቅ ሰው ይመስሉኝ ነበር።»

ሐዘን ቤት መሆኑ ተረስቶ ሁለት ሦስት ሰው ፈገግ አለ። አዘጋጁ ግን አልሳቀም። «ምን አመጣችሁ?» አላቸው።

«ጓደኛችን ሞቶብን ነዋ!» አለ ሽማግሌው። «አንድ ቀን ለሳቅ ብላችሁ ሦስታችንን አንድ መስመር ላይ አገናኛችሁን። ያኔ ስልክ ተለዋወጥን። ‹ሌላ የሚሰማን ካጣን እርስ በርስ እንኳ እንሰማማ› አለን ባለግድግዳው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳንደዋወል ውለን አናውቅም።»

ባለግድግዳው የሚለው ስም ቤቱ ውስጥ ወደቀ። ጎረቤቶቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አክስቷ «ማነው እሱ ደግሞ?» ብላ ወዲያና ወዲህ ተመለከተች። አዘጋጁ ቀስ ብሎ ወደ ተቀባይዋ ዞረ።

«ባለግድግዳው አባትሽ ነበር?»

ፊቱ ላይ ንቀት አልነበረም። ይልቅ የደነገጠ ሰው ፊት ነበር፤ ለምን እንደዚያ እንዳለች በኋላም አልገባትም።

«ቤት ተሳስተው ነው» አለች።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አያት። ድምጿን አውቆታል። ስንት መቶ ጠዋት «መስመር ላይ ይቆዩ» ያለችበትን ድምፅ እንዴት ያጣዋል? አሮጊቷን ክንዷን ይዞ «ነይ እንሂድ፣ ቤት ተሳስተን ነው» አላት። ሲወጡ በሩ ላይ ጃንጥላው አልከፈት ብሎት ዝናብ መታቸው። እሷ በመስኮት እያየች አልተነሳችም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሲያስለቅሳት አላለቀሰችም። ሴቶቹ «ደርቃ ቀረች እኮ፣ ምነው?» ተባባሉ። ምክንያቱን ለማንም አልነገረችም።

ማክሰኞ፣ አባቷ በሞተበት ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ደወለ። አነሳች። ያን ዕለት ድምፁን አላወፈረም። ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር።

«ዛሬ አጭር ነው» አላት። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምናገረው። አስገቢኝ። አደራ፣ ልጄ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ ስልክ ልጄ ብሏት አያውቅም። እሷም ደነገጠች፤ ባልደረባዋ አጠገቧ ቆማ ወረቀት ታገላብጥ ነበር። ሰምታ ይሆን ብላ ፈራችና ከወትሮው ቀልጠፍ ብላ «መስመር ላይ ይቆዩ» ብላ ቁልፉን ተጫነችው። ቢጫዋ መብራት ሃምሳ ደቂቃ ብልጭ ድርግም አለች። መብራቷን እንዳታያት ስኒ ከፊቷ አስቀመጠች። አራት ሰዓት ላይ መስመሩ ሁሉ ተዘጋ።

በስድስት ሰዓት ቤት ስትገባ አባቷ በጓሮው በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስልኩ ጆሮው ሥር፣ አንገቱ ወደ ግድግዳው ዘመም ብሎ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመስለኛል አለ። «አልተሰቃየም፣ ጽኚ» አላት። እሷ ግን ምን እያዳመጠ እንደሞተ ታውቃለች። ዋሽንቱ ከአራት ደቂቃ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ነገር ጎድሎባት ነቃች። ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባትም። በኋላ አወቀችው። ከልጅነቷ ጀምሮ በግድግዳው ሥር ካለች አንዲት ስንጥቅ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ ክረምት ከበጋ፣ አባቷ ከሥሯ ቆርቆሮ አስቀምጦላታል። ያ ድምፅ የለም። ዝናብ እየዘነበ ውሃው ቆሟል። ወደ ጓሮ ልትወጣ ስትል በሩ ከመቃኑ ጋር ተናክሶ በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ከሸራው ሥር ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ሽማግሌው በዚያ ሰዓት ተመልሶ መጣ። እትዬ ሰላምታ አጥሩ በር ላይ ቀርታ ጃንጥላ ይዛ ትጠብቀዋለች።

«ልጄ» አለ ሽማግሌው ወደ ጎን ጠርቷት፣ «ትናንት ስለ ካድሽው ልወቅስሽ አልመጣሁም። ሰው ይክዳል። ግን የማክሰኞውን ነገር ማንም ካልነገረሽ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ነይማ።»

የሸራውን ጠርዝ ገልጦ ከተቀማጮቹ ጀርባ አስገባት። ግድግዳው ላይ፣ ሰው ወገብ ከፍታ ላይ፣ እንደ ጣት የቀጠኑ የመስታወት ቁራጮች ስንጥቁን አቋርጠው በሲሚንቶ ተለጥፈዋል። ሰባት ናቸው። ከእያንዳንዱ አጠገብ በምስማር የተጫረ ቀን አለ። የአባቷ ቁጥር ነው፤ የሰባት ቁጥር አጻጻፉን የትም ታውቀዋለች።

«ግድግዳ ሲንቀሳቀስ በዓይን አይታይም» አለ ሽማግሌው። «መስታወት ግን መለጠጥ አያውቅም፣ ይሰበራል። እስከ ሰኞ ሁሉም ደህና ነበሩ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ተሰብረዋል ብሎ ደወለልኝ። አሁን ቁጠሪያቸው።»

ቆጠረች። የተሰበሩት አምስት ናቸው።

«ይህን ሊናገር ነበር?»

«ይህንንማ ሦስት ዓመት ተናግሮታል። ማክሰኞ ሊናገር የነበረው ሌላ ነው።» ሽማግሌው ሁለቱንም ሰዓቶቹን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግድግዳውን የገነባው እሱ ነው። ዋናው ግንበኛ እሱ ነበር። ከጀርባ ያለው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሥር እስከ ላይ ሠርቶለት ነበር። የምርቃቱ ዕለት ሊደርስ ሲል አለቆቹ መጡና ‹እነዚህ ቀዳዳዎች ያስጠላሉ፣ ውሃ ያዝረከርካሉ፤ ለእንግዶቹ እንዲያምር ለስናቸው› አሉት። እንደማይሆን ያውቃል። ግን እሺ አለና ለሰናቸው። ከምርቃቱ በኋላ እከፍታቸዋለሁ ብሎ። ከምርቃቱ በኋላ ማን ያስነካው?»

እሷ አባቷን ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ ከተማው ሰፊ ሆኖ ሳለ ለምን እዚህ ጥላ ሥር ቤት ሠራን ብላ። ‹መሬቱ ጥሩ ነው› ነበር መልሱ።

«እኔም ጠየቅኩት» አለ ሽማግሌው። «‹ሰውን ከሥሩ አስቀምጬ እኔ የት ሄጄ ልተኛ?› አለኝ። መሥሪያ ቤትም፣ ሬዲዮም ‹በምን አወቅክ?› ሲሉት አፉ የሚያያዘው ለዚህ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት ካላለ የሚያምነው የለም። ልጄ ጣቢያው ውስጥ ናት፣ በእኔ ጥፋት ታፍራለች እያለ አቆየው። ማክሰኞ ግን ቆረጠ።»

ሁለቱም እያፈሩ ተሸሽገው ነበር። እሷ በእሱ፣ እሱ በራሱ። ይህን ስታስብ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር። በዚያው ቅጽበት ጥፍር ሲቆረጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ከእጇ አጠገብ ተሰማ። ስድስተኛው መስታወት መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል።

«ተነሡ!» ብላ ከሸራው ጀርባ ወጣች። «ሁላችሁም ተነሡ! ግድግዳው ሊወድቅ ነው!»

ሃያ ጥንድ ዓይን አያት። የተነሳ ግን የለም። አንዲት ጎረቤት ከንፈሯን መጠጠች። «እሰይ፣ ዛሬ ወጣላት። ትጩኽ፣ ይቅለላት» አለች። አክስቷ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሐዘኑ ጠንቶብሽ ነው።»

«ሐዘን አይደለም! አክስቴ፣ ሰዎቹን አስነሺልኝ!»

«እሺ፣ እሺ፣ ውሃ ጠጪ።»

ከጎረቤት አንዱ ደግሞ በጨዋነት ሊያባብላት ፈልጎ «ይህ ግድግዳ እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲወድቅ ነው የኖረው» አለ። ላይ ጫማዎቹ በታክሲው ሰልፍ ላይ ተደርድረዋል። በስድስቱም ቤት ሰው አለ፤ ዝናብ ነውና የወጣ የለም። እትዬ ሰላምታ ከበሩ ላይ ሆና «ለእሳት አደጋ ሰዎች ደውያለሁ፣ ‹ዝናቡ ጋብ ሲል እናያለን› አሉኝ» ብላ ጮኸች።

ተቀባይዋ ስልኳን አውጥታ ወደ ጣቢያው ደወለች። የእሷን ቦታ የያዘችው ምትክ አነሳች፤ ትላንት የገባች ልጅ ናት፣ ድምጿን አታውቅም።

«የአድማጭ ሰዓት፣ ስለ ምን ጉዳይ ነው?»

«ስለ ግድግዳው ነው። ከላይኛው መንገድ ሥር ያለው፣ አሁኑኑ…»

«መስመር ላይ ይቆዩ» አለች ምትኳ። ምን ታድርግ? ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነው ያደረገችው። ዋሽንቱ ጀመረ።

በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም ነበር። ቀጭን፣ ደስ የሚል ዜማ ነው። አባቷ ሦስት ዓመት ሲሰማው የኖረው ይህን ነው። ስልኩን ከጆሮዋ ነቅላ ዘጋችው። የአዘጋጁ ስልክ በፕሮግራም ሰዓት ዝግ ነው፤ ደንቡን ታውቃለች። ማን ይገባል? ማንን ነው ዝም ብለን የምናስገባው? ወረቀቱን በሐሳቧ ከላይ ወደ ታች አነበበችው።

«እትዬ ሰላምታ!» ብላ ወደ አጥሩ ሮጠች። «ስልክዎን ያውጡ። ይደውሉ። ሰላምታ ነው ይበሉ።»

አሮጊቷ ነገሩ ወዲያው ገባት። ደወለች። «እኔ ነኝ የኔ ልጅ፣ ሰላምታ ነው» አለች፤ በአራት ቆጠራ ውስጥ አየር ላይ ነበረች። ከጎን ካለው ሱቅ ሬዲዮ የአዘጋጁ ድምፅ በደስታ ሲጮህ ተሰማ። «እትዬ ሰላምታ! ዛሬስ ለእነማን ነው?»

«ዛሬ ለአንድ ሰው ብቻ ነው» አለች አሮጊቷ። ስልኩንም ለተቀባይዋ ሰጠቻት።

ተቀባይዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። አሥራ አንድ ዓመት ሰውን አየር ላይ ስታስገባ፣ ራሷ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም።

«ማን ልበል?» አለ አዘጋጁ።

«የባለግድግዳው ልጅ ነኝ» አለች። «ታውቀኛለህ። ስልክህን የምቀበልልህ ነኝ። ትናንት ፊትህ ላይ ክጄዋለሁ። አባቴ ነው።» ትንፋሿን ዋጠች። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። ግድግዳውን የገነባው አባቴ ነው። የውሃ መውጫውን ለምርቃት እንዲያምር ብለው አስለስነውታል፤ እሱም እሺ ብሎ ለስኗል። ለዚህ ነው የሚያውቀው። ማክሰኞ ይህን ሊናገር ደውሎ መስመር ላይ ያቆየሁት እኔ ነኝ። እዚያው ላይ እያለ ሞተ። አሁን ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ከሥሩ ያላችሁ በስድስቱም ቤት ውጡ። ላይ ታክሲ የምትጠብቁ ከጠርዙ ራቁ። እባካችሁ። አሁን።»

አዘጋጁ ቀልድ በሌለበት ድምፅ፣ እሷ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ «ሰምታችኋል። ሥራችሁን ትታችሁ ውጡ። እደግመዋለሁ፣ ውጡ» አለ።

የሰው ነገር ይገርማል። ከፊታቸው ቆማ ስትጮህ ሐዘን ነው ያሉት ሰዎች፣ ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ድምፅ፣ ከሱቁ ሬዲዮ ሲሰሙት ወንበር እየገለበጡ ተነሡ። አንዱ «በሬዲዮ ተነገረ እኮ!» እያለ ሌላውን ይጎትታል። ከላይ የቆመ ታክሲም ሬዲዮውን ከፍቶ ኖሮ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ሲጮህ፣ ጫማዎቹ ከጠርዙ ላይ ተራ በተራ ጠፉ። ከየቤቱ ሕፃን ያዘለ፣ ሽማግሌ የደገፈ ወደ ታችኛው መንገድ ፈሰሰ። አክስቷ ድስት ልታወርድ ስትመለስ ሰዓት አራሚው ወገቧን ይዞ ጎትቶ አወጣት። «ሰዓት የለንም!» አላት፤ በሕይወቱ ይህን ቃል በእውነት ሲለው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ግድግዳው ሲወድቅ እንደ ጠበቁት አልጮኸም። መጀመሪያ ሸራው እንደ ሰው እጅ ወደ ላይ ተሳበ፤ ከዚያ ሆዱ ፈነዳ። ጭቃ፣ ድንጋይና የተጠራቀመ የሃያ ስድስት ዓመት ውሃ አንድ ላይ ወጣ። ወንበሮቹ ከሥሩ ጠፉ። የጓሮው በር፣ አባቷ የተቀመጠበት ቦታ፣ የቤቱ ግማሽ ጠፋ። ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ሰዉ ታችኛው መንገድ ላይ ቆሞ እርስ በርሱ ተፈላለገ። የየቤቱ ሰው የየራሱን ቆጠረ። የጎደለ የለም። ያች «ወጣላት» ያለች ጎረቤት ጭቃው ላይ ተቀምጣ «ባለግድግዳው! ኧረ ባለግድግዳው!» እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። አባቷን በዚያ ስም ጮክ ብሎ ያለቀሰለት የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ሌሎቹም ተቀበሏት።

ስልኩ አሁንም በተቀባይዋ እጅ ነበር፤ መስመሩም ክፍት ነው። የአዘጋጁ ድምፅ ከውስጡ በቀጭኑ ይሰማል። «አለሽ? እህቴ፣ መስመር ላይ አለሽ?»

ልትዘጋው አውራ ጣቷን ቀይዋ ምልክት ላይ አደረገች። ስንት ሺህ መስመር የዘጋ ጣት ነው፤ ይህቺን አንዷን ግን እምቢ አለ። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ ሦስት ቀን የደረቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ።

«አክስቴ» አለች ስልኩን እየዘረጋች፣ «አንቺ ዝጊልኝ። እኔ አልችልም።»

አክስቷ በጭቃ እጇ ተቀበለቻት። አገላብጣ አየችው። የት እንደሚነካ አታውቅም። የስልኩ ባለቤት እትዬ ሰላምታ አጠገቧ ቆማለች፤ አምጪው ግን አላለችም። አክስቷ ትንሽ አሰበችና ስልኩን እንደተከፈተ በሻርፗ ጫፍ ጠቀለለችው። ዝናብ እንዳይነካው ወደ ብብቷ አስጠግታ፣ በሁለት እጇ ያዘችው።